ዤልሰን ፈርናንዴዝን በየአራት ዓመቱ የሚያስታውሰን ምንድን ነው?

ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ኳታር ውስጥ በሉሳይል ስታዲየም አርጀንቲና በሳዑዲ ዓረቢያ 2 ለ 1 ስትሸነፍ፣ የሜሲ ደጋፊ ሁሉ ስልኩን ይዞ መጽናኛ ይፈልግ ነበር። መጽናኛው ለመምጣት ብዙ አልቆየም። በየቋንቋው አንድ ወሬ መዞር ጀመረ፦ ስፔንም በ2010 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ጨዋታዋን ተሸንፋ ነው ዋንጫውን ያነሳችው። ከወሬው ጋር አንድ የቆየ ቪዲዮ አብሮ ይመጣል። ረጅም ኳስ፣ ግጭት፣ ሳሩ ላይ የተዘረጉ ሰዎች፣ ከዚያ አንድ አማካይ ሮጦ ደርሶ ኳሷን መረብ ውስጥ ሲከታት። ሰውየው በዚያ ቀን ጫማውን ከሰቀለ 2 ዓመት አልፎታል።

ስሙ ዤልሰን ፈርናንዴዝ ነው። ለስዊዘርላንድ ብሔራዊ ቡድን 67 ጊዜ ተሰልፎ 2 ጎል ብቻ ያገባ፣ ሥራው ጎል ማግባት ያልነበረ የመሃል ሜዳ ሰው ነው። ሆኖም ከእሱ እጅግ የሚበልጡ ጎል አግቢዎች ስማቸው ሲደበዝዝ የእሱ ስም የዓለም ዋንጫ በመጣ ቁጥር ይነሳል። ይህን ጉዳይ ለማጥናት ያነሳሳኝ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የኢንተርኔት ዝና ብዙ ጊዜ የሚለካው በተከታይ ቁጥር ነው፤ የፈርናንዴዝ ግን በተከታይ የቆመ አይደለም። ሰዎች እሱን ብለው አይመጡም፤ ሌላ ነገር ፈልገው ሲመጡ እሱን ያገኙታል። (ዓመቶቹን ከዚህ በኋላ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኳስ ታሪክ በእሱ ስለሚቆጠር።)

መጀመሪያ ጎሉን ቀረብ ብለን እንየው፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነውና።

ዕለቱ ረቡዕ ጁን 16, 2010፣ በእኛ ሰኔ 9 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ቦታው ደርባን፣ ሞሰስ ማቢዳ ስታዲየም። ጨዋታው በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር የጀመረው፤ ሠራተኛው ከቢሮ ሲወጣ በየዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ የቩቩዜላው ድምፅ የሚቀበለው ሰዓት። የአፍሪካ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ስለነበረ የዚያን ጊዜ ጨዋታዎች እኛ ዘንድ ከሌላው ዓለም ዋንጫ ይልቅ ቅርብ ሆነው ይታወሳሉ። ስፔን የአውሮፓ ሻምፒዮን ናት። በማጣሪያው 10 ተጫውታ 10 አሸንፋ ነው የመጣችው። ስዊዘርላንድ ከዚያ በፊት ከስፔን ጋር 18 ጊዜ ገጥማ አንድም ቀን አሸንፋ አታውቅም። በቡድኗ አናት ላይ ግን ከዶርትሙንድም ከባየርንም ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ያነሳው ጀርመናዊው አሠልጣኝ ኦትማር ሂትስፌልድ ነበር፤ የእሱም ዕቅድ አልተደበቀም። መሃሉን መዝጋት፣ ስፔን ኳሷን እንድትይዝ መተው፣ ከዚያ መጠበቅ።

52ኛው ደቂቃ ላይ የስዊዘርላንዱ ግብ ጠባቂ ዲዬጎ ቤናሊዮ ረጅም ኳስ ወደ ፊት ላከ። ብሌዝ ንኩፎ ነካ አድርጎ ወደ ኤሬን ዴርዲዮክ አሳለፋት። ዴርዲዮክ ሰብሮ ገባ፤ የስፔኑ ግብ ጠባቂ ኢከር ካሲያስ ከጎሉ ወጥቶ ተንሸራተተበት፤ ሁለቱ ተጋጩ። የስፔኑ ተከላካይ ጄራርድ ፒኬም ለመድረስ ሲጣደፍ ወደቀ፤ በግርግሩ ጫማ ፊቱን አገኘውና ደማ። ለአንድ አፍታ ኳሷ የማንም አልነበረችም። ቪዲዮውን በዝግታ ያየ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ። በዚያች ቅጽበት ሳጥኑ ውስጥ በእግሩ ቆሞ ወደ ኳሷ እየገሰገሰ የነበረው ፈርናንዴዝ ነው። ጥቃቱ ሲጀመር እሱ ከፊት አልነበረም። በመሃል ሜዳው መስመር ላይ ሲከላከል የቆየ ሰው፣ ኳሷ ወዴት እንደምትወድቅ ሳያውቅ፣ ምናልባት ብትተርፍ ብሎ ያን ሁሉ ርቀት ሮጧል። ደረሰ፤ ገፋት፤ ገባች።

ይህ ቆንጆ ጎል አይደለም። በቴክኒክ የሚደነቅ ነገር የለበትም፤ የጎሎች ምርጥ ዝርዝር ውስጥም ማንም አይከተውም። የአማካይ ጎል ነው። የሚመጣው ከሩጫው ነው፤ ያ ሩጫ ደግሞ 10 ጊዜ ተሮጦ 9ኙ ባዶ የሚቀር ዓይነት ነው። ይህን ደጋግሜ የማነሳው ቪዲዮውን ከሚያዩት ሰዎች ብዙዎቹ ግጭቱን ብቻ አይተው «ዕድለኛ» ብለው ስለሚያልፉ ነው። ዕድል አለበት፤ ግን ዕድሉ ሮጦ ለደረሰ ሰው ነው የወደቀው።

ከዚያ በኋላ ስፔን ወረደችባቸው። ዣቢ አሎንሶ የመታት ኳስ አግዳሚውን አናወጠች። በሌላ በኩል ዴርዲዮክ ብቻውን ሰብሮ ገብቶ ቋሚውን መታ። ዋና ዳኛው ሃዋርድ ዌብ ነበር፤ ከ25 ቀን በኋላ የፍጻሜውንም ጨዋታ የመራው እሱ ነው። ፊሽካው ሲነፋ ውጤቱ 1 ለ 0 ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። ይህ ድል በራሱ ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን የዓለም ዋንጫ ታሪክ በእንዲህ ያለ ድንገተኛ ውጤት የተሞላ ነው፤ አብዛኛው ከተከሰተበት አገር ውጪ በሁለት በሦስት ዓመት ይረሳል። የፈርናንዴዝን ጎል ከመረሳት ያዳነው ከጨዋታው በኋላ የሆነው ነው። ስፔን ሆንዱራስን እና ቺሊን አሸንፋ ከምድቧ አለፈች። ከዚያ ፖርቱጋልን፣ ፓራጓይን፣ ጀርመንን፣ በፍጻሜው ደግሞ ኔዘርላንድስን ሁሉንም 1 ለ 0 ረትታ ሻምፒዮን ሆነች። የመክፈቻ ጨዋታዋን ተሸንፋ የዓለም ዋንጫን ያነሳች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። በ7 ጨዋታ የገባባት 2 ጎል ብቻ ነው፤ አንዱ የቺሊው ሮድሪጎ ሚያር፣ ሌላው የፈርናንዴዝ። ስፔን ያን ዓመት ምድቧ ውስጥ ብትቀር ኖሮ የፈርናንዴዝ ጎል የስዊዞች የግል ትዝታ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። የተሸነፈው ቡድን ዓለምን ሲያሸንፍ ግን ጎሉ የሻምፒዮኑ ታሪክ አካል ሆነ። ስለ ስፔን ድል የሚሠራ ማንኛውም ቪዲዮ ከእሱ መጀመር አለበት፤ ታሪኩ ከመውደቅ ነው የሚነሳውና።

የስዊዘርላንድ ዕጣ ግን ተቃራኒ ነበር፤ ይህን ክፍል ኢንተርኔት አይነግርም። ከ5 ቀን በኋላ በቺሊ 1 ለ 0 ተሸነፉ። በዚያው ጨዋታ ላይ በዓለም ዋንጫ ጎል ሳይገባባቸው 559 ደቂቃ በመቆየት የጣሊያንን ክብረ ወሰን ሰበሩ፤ ቆጠራው ከ2006 ውድድር የቀጠለ ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ከሆንዱራስ ጋር 0 ለ 0 ወጡና ወደ አገራቸው ተመለሱ። 3 ጨዋታ፣ የገባባቸው 1፣ ያገቡት 1። በዚያ ውድድር የስዊዘርላንድ ጎል የሚባለው የፈርናንዴዝ ጎል ብቻ ነው። የአንድ አገር የዓለም ዋንጫ ሙሉ ማኅደር በአንድ የአማካይ እግር ላይ ያረፈበት ሌላ ብዙ ምሳሌ ለማግኘት ይቸግራል።

የመጽናኛው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ትልቅ ቡድን በመክፈቻው ሲሸነፍ ደጋፊው የሚፈልገው ማስረጃ አንድ ነው፦ ከዚህ ተነስቶ ዋንጫ ያነሳ አለ ወይ? ከ2010 በፊት መልሱ የለም ነበር። ከ2010 ወዲህ አለ፤ ማስረጃው ደግሞ የፈርናንዴዝ ቪዲዮ ነው። በ2014 ስፔን ራሷ በኔዘርላንድስ 5 ለ 1 ስትደቆስ የስፔን ደጋፊዎች ወደ ደርባን ተመለሱ፤ ያን ጊዜ ግን አልሠራም፤ ከምድብ ወደቁ። በ2022 አርጀንቲናዎች ተመለሱበት፤ ለእነሱ ሠራ። አርጀንቲና በመክፈቻው ተሸንፋ ሻምፒዮን የሆነች ሁለተኛዋ አገር ሆነች። ሊያሸንፍ የመጣ ሰው ያገባው ጎል የተሸናፊዎች ምርኩዝ መሆኑ ይገርመኛል፤ ግን ዕድሜ የሰጠው ይህ ነው። ድልን የሚያስታውስ አሸናፊው ነው፤ መጽናኛን ግን ማንም ይፈልጋል፤ በየውድድሩም የሚሸነፍ ትልቅ ቡድን አይጠፋም።

ጊዜውም ረድቶታል፤ ጎድቶታልም። ጁን 2010 ላይ ትዊተር አለ፤ የአገሮችን ባንዲራ ከሃሽታግ ጋር ያወጣው ለዚያ ዓለም ዋንጫ ነው። ዩቲዩብ 5 ዓመቱ ነው። ኢንስታግራም ግን ገና አልተወለደም፤ የወጣው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። ዛሬ አንድ አማካይ እንዲህ ያለ ጎል ቢያገባ ከጨዋታው መልስ ገና አውቶቡስ ሳይሳፈር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ተከታይ ያገኛል፤ ያ ተከታይም ከእሱ ጋር ይቀራል፤ ከጫማ እስከ መጠጥ ማስታወቂያ ይዞለት ይመጣል። ፈርናንዴዝ ይህ ገበያ ከመከፈቱ በፊት ነው ያገባው። ስለዚህ ዝናው የሚኖረው በራሱ ገጽ ሳይሆን በሌሎች ገጾች ነው። የጎሉ ምስል ባለቤትም እሱ አይደለም። የዓለም ዋንጫ ምስል መብት የፊፋ ነው፤ ሰው ከቴሌቪዥን ቀድቶ የሚጭነው ይወርዳል፤ ፊፋ በራሱ ቻናሎች ሲያወጣው ይመለሳል። ፊፋ በ2022 የቀደሙ የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎችን ማኅደር በነጻ ሲከፍት እንዲህ ያሉ ጎሎች ሁለተኛ ሕይወት አገኙ። ከዚህ ላይ «በዚህ ቀን» እያሉ የሚለጥፉትን የስፖርት ገጾች ጨምሩ። ሰኔ 9 በመጣ ቁጥር ጎሉ ይነሳል፤ ሰውየው ምንም ሳይሠራ።

የስሙም ነገር አለ፤ ይህ የእኛንም ጽሑፍ ይነካል። ስሙ በፈረንሳይኛ ተናጋሪው የስዊዘርላንድ ክፍል «ዤልሰን» ተብሎ ነው የሚጠራው። በአማርኛ ጌልሰን፣ ጄልሰን፣ ዤልሰን፣ ፈርናንዴስ፣ ፈርናንዴዝ፣ ፈርናንዴሽ ተብሎ ይጻፋል። ማፈላለጊያ ላይ አንዱን የጻፈ ሌላውን አያገኝም። በላቲኑ ፊደል ሲፈለግ ደግሞ ሌላ ዤልሰን ይመጣል፤ ፖርቱጋላዊው የክንፍ ተጫዋች ዤልሰን ማርቲንስ። ሁለቱም የተወለዱት በኬፕ ቨርዴ ዋና ከተማ በፕራያ ነው፤ ሁለቱም በስፖርቲንግ ሊዝበን ማሊያ ተጫውተዋል። በአያት ስሙ የፈለገው ደግሞ ብሩኖ ፈርናንዴዝን ነው ፊት ለፊት የሚያገኘው። በዚህ ሁሉ መሃል የእሱን ገጽ የሚያደርሰው ቁልፍ ቃል ስሙ አይደለም፤ «ስፔን» እና «2010» ናቸው።

ሰውየው ግን ከዚያ ጎል በፊትም በኋላም ነበር። በ1986 ፕራያ ተወለደ፤ በ5 ዓመቱ ወደ ስዊዘርላንድ መጥቶ በቫሌ ካንቶን (ክፍለ ግዛት)፣ በሲዮን ከተማ አደገ፤ ኳስም የጀመረው በከተማዋ ክለብ ነው። በ2007 ስቨን ጎራን ኤሪክሰን ማንቸስተር ሲቲን ሲረከብ ካስፈረማቸው አንዱ ነው። የአቡ ዳቢ ገንዘብ በ2008 ሲገባ እዚያው ነበር፤ ያ ክለብ ከመለወጡ በፊት ምን ይመስል እንደነበር በዓይናቸው ካዩት ነው። ከዚያ ሴንት ኤትየን፣ ኬቮ፣ ሌስተር፣ ኡዲኔዜ፣ ስፖርቲንግ፣ እንደገና ሲዮን፣ ፍራይቡርግ፣ ሬን፣ በመጨረሻ አይንትራክት ፍራንክፈርት። ፍራንክፈርት በ2018 ባየርንን 3 ለ 1 አሸንፎ የጀርመንን ዋንጫ ሲወስድ የክለቡ ተጫዋች ነበር። በ2020 በ33 ዓመቱ አቆመ። 6 አገር የተጫወተ፣ በብዙ ቋንቋ የሚግባባ፣ አሠልጣኝ ሁሉ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ እንዲኖርለት የሚፈልገው ዓይነት ሰው።

እዚህ ላይ የራሴን ቅሬታ ልናገር። የተከላካይ አማካይ ሥራ ቪዲዮ አይሆንም። ቦታ መዝጋት፣ የጓደኛን ስህተት መሸፈን፣ ኳሷ ሳትደርስ ቀድሞ መቆም፤ ይህን የሚቀርጽ ካሜራ የለም፤ ካሜራው ኳሷን ነው የሚከተለው። ስለዚህ ኢንተርኔት 67 ጨዋታ ሲጫወት የኖረን ሰው በ10 ሰከንድ ቀነሰው። የዚያኑ ቀን ከጎኑ የተሰለፈውን ጎክሃን ኢንለርን ተመልከቱ። ብሔራዊ ቡድኑን በአምበልነት የመራ፣ በ2016 ከሌስተር ጋር የእንግሊዝ ሻምፒዮን የሆነ አማካይ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚዞረው ምስሉ ግን በ2011 ናፖሊ ሲያስተዋውቀው የአንበሳ ጭንብል አጥልቆ የገባበት ነው። ጭንብሉ ለመታየት ተብሎ የተሠራ ነው፤ የፈርናንዴዝ ግን ቢያንስ ሥራው ላይ እያለ የተያዘ ነው። በዚህ ደስ ይለኛል።

የጎሉ ዝና ሌሎችንም አብሮ ጎትቷል፤ አንዷን ደግሞ በድሏል። የካሲያስ የያኔ ፍቅረኛ ሳራ ካርቦኔሮ የስፔን ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሆና በዚያ ዕለት ከሜዳው ዳር ሥራዋን ትሠራ ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ «ሐሳቡን የበተነችው እሷ ናት» የሚል ወሬ ተነዛ፤ የእንግሊዝ ጋዜጦችም አራገቡት። ቪዲዮውን ለሚያይ ሰው የሚታየው ግን ሌላ ነው። ካሲያስ በሰዓቱ ነው የወጣው፤ ኳሷም የተረፈችው ከሦስት ሰው ግጭት ነው። በደንብ ሮጦ ለደረሰው ሰው የሚገባው ምስጋና አንዲት ባለሙያ ሴትን ወደ መውቀስ ዞረ። ይህ ወሬ ዛሬም ጎሉ በተለጠፈ ቁጥር ከሥሩ ይመላለሳል፤ ሊቀር የሚገባው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆየው ግን የኳሷ መንገድ ይመስለኛል። ንኩፎ የተወለደው ኪንሻሳ ነው። ዴርዲዮክ ባዝል ውስጥ ከቱርክ ከመጣ የኩርድ ቤተሰብ ተወለደ። ፈርናንዴዝ ከፕራያ መጣ። የስዊዘርላንድ መራጭ በኖቬምበር 2009 በ57.5 በመቶ ድምፅ አዲስ ሚናሬት (የመስጊድ ማማ) እንዳይሠራ ወስኖ ነበር፤ በኖቬምበር 2010 ደግሞ ወንጀል የፈጸሙ የውጭ ዜጎች እንዲባረሩ የሚለውን ሐሳብ አጸደቀ። በሁለቱ ምርጫዎች መሃል፣ አገሪቱ በዓለም ዋንጫው ያገኘችው ብቸኛ ጎል ከስደተኛ ልጆች እግር ወደ እግር ሄዶ ገባ። ለዚህ ነው ቪዲዮው በስዊዘርላንድ ስለ ዜግነት፣ ስለ ሁለት ፓስፖርት፣ ማን «እውነተኛ ስዊዝ» ነው በሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ከስፖርት ገጽ ወጥቶ ወደ ፖለቲካው የሚገባው። ከእሱ በኋላ የመጡት የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች፣ የስዊዘርላንድ ተጫዋቾቹ ጄርዳን ሻኪሪ እና ግራኒት ዣካ፣ የዚህን ክርክር ሸክም የተሸከሙት በይፋ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ፊት ለፊት ነው። በስደት የሚኖር ሐበሻ፣ ልጁን በዙሪክም ሆነ በፍራንክፈርት ኳስ ሜዳ ይዞ የሚሄድ አባት፣ ይህን ክፍል ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ስዊዘርላንድ ስፔንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈችው ከ12 ዓመት በኋላ በሴፕቴምበር 2022 ነው፤ በሳራጎሳ 2 ለ 1። በስፔን ሜዳ፣ በኔሽንስ ሊግ፣ በእግር ኳስ ከታየ የደርባኑን ያህል ከባድ ድል ነበር። የዚያን ቀን ጎሎች ከስዊዘርላንድ ውጪ የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ? ከጨዋታው በፊትም በኋላም የተለጠፈው የፈርናንዴዝ ነው።

እሱ ራሱ ከጨዋታ ዓለም ወደ አስተዳደር አለፈ። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ወደ ሲዮን ተመልሶ በክለቡ አመራር ውስጥ ሠራ፤ ከዚያም ፊፋ ገብቶ የአፍሪካ አባል ፌዴሬሽኖችን ጉዳይ በሚከታተለው ክፍል ኃላፊ ሆነ። የእኛም ፌዴሬሽን ከእነዚያ 54 አንዱ ነው። አሁን ስሙን የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት ፎቶ ያገኛል። በአንዱ ደርባን ላይ እጁን ዘርግቶ ሲሮጥ፤ በሌላው ሱፍ ለብሶ ከአፍሪካ ፌዴሬሽን ኃላፊዎች ጋር ሲጨባበጥ። በአፍሪካ ምድር ባገባው ጎል የሚታወቅ፣ በአፍሪካ የተወለደ ሰው፣ ሥራው ወደ አፍሪካ መለሰው።

ከዚያ ደግሞ የትውልድ አገሩ መጣች። ኦክቶበር 13, 2025 ኬፕ ቨርዴ ፕራያ ላይ ኤስዋቲኒን 3 ለ 0 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ተሳታፊነቷን አረጋገጠች። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት፣ ልጆቿ በሊዝበን፣ በሮተርዳም፣ በቦስተን፣ በሲዮን የተበተኑባት አገር ናት። በዲሴምበር ድልድሉ ሲወጣ የመጀመሪያ ጨዋታዋ ከማን ጋር ሆነ? ከስፔን ጋር፤ ለስፔንም መክፈቻዋ ነው። ቦታው አትላንታ፣ ቀኑ ጁን 15, 2026፣ በእኛ ሰኔ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.። የፈርናንዴዝ ጎል በማግስቱ 16 ዓመት ይሞላዋል።